ጋሽ ወንድይፍራውና አልዞር ያለው ቁልፍ

የጋሽ ወንድይፍራው መርዶ የደረሰኝ በስልክ ነው፤ በግቢያችን የሐበሾች ግሩፕ ላይ። መልእክቱን የጻፈው ጎረቤቴ ብሩክ ነበር። "ውድ የግቢያችን ነዋሪዎች፣ አባታችን ጋሽ ወንድይፍራው ትናንት በልጃቸው ቤት በድንገት ዐርፈዋል። ነፍስ ይማር። በተጨማሪም ንጹህ መኪና የሚሸጥ ስላለ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።" ይላል። ከሥሩ አሥራ አንድ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ ላይክ አድርጓል። ለሞቱ ይሁን ለመኪናው እስከ ዛሬ አልተጣራም።

እሳቸው ቢኖሩ ይህ መልእክት አያልፍም ነበር። "ሁለት ጉዳይ በአንድ ደብዳቤ አይጻፍም" ብለው ይመልሱት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ሞዴል ሃያ ሁለት ሳይፈረም ከእሳቸው መጋዘን መርፌ አትወጣም፤ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሳይቆረጥ መርፌ አትገባም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ህሊና አሜሪካ አመጣቻቸው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ካዚኖ ምንጣፍ ሲጠርጉና መተርኮሻ ሲያነሱ ዓመታት አሳልፈዋል። ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ "እዚያው ንብረት ላይ ነኝ።"

እኔ የማውቃቸው ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ግቢ ስንኖር ነው። የእኔ ቤት ከደረጃው ሥር፣ የእሳቸው ከፊት ለፊቴ ነበር። በ2020 ካዚኖዎቹ ተዘግተው ሁላችንም ቤት ስንውል፣ እሳቸው በየጠዋቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው በራቸው ላይ ወንበር ያወጣሉ። በዚያ ሐሩር ኮት! ሁለት ማስክ ይደርባሉ፤ በላዩ ከውሃ ፕላስቲክ ቆርጠው የሠሩትን መከለያ ያጠልቃሉ። ስኳር አለባቸው። ህሊና ነርስ ናት። የምትሠራው ኮቪድ ክፍል ስለሆነ በሽታውን እንዳታመጣባቸው ፈርታ፣ ማውንተንስ ኤጅ ካለው ቤቷ ምግብ ይዛ እየመጣች በር ላይ አስቀምጣ፣ መኪናዋ ውስጥ ተመልሳ በስልክ ታወራቸዋለች። አባትና ልጅ በመስታወት እየተያዩ "አሎ?" ይባባላሉ። ከመጋቢት ወዲህ ሰው የሚባል በአጠገባቸው አላለፈም። ርቀቱን የሚለኩት በመወልወያ እንጨት ነው። ሰው ጠጋ ሲል እንጨቱን ይዘረጉና "እዚያ ላይ" ይሉታል።

መጀመሪያ የተዋወቅን ዕለት እንጨቱ ጫፍ ላይ አቁመውኝ "ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

"ትዕግሥት።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝና "እናያለን" አሉ።

እኔ በዲቪ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር፤ ሆቴሉ ሲዘጋ እኔም ተዘጋሁ። በሰመር ላይ እዚያው ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ መጋዘን ዕቃ ማሸግ አገኘሁ። መኪና ስለሌለኝ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፊሊፒናዊ አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ። ብስክሌቷን ማታ ማታ ከደረጃው ብረት ጋር በወፍራም ጓጉንቸር አስራታለሁ። የፈረስ ኮቴ የመሰለ፣ ብረቱ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጓጉንቸር ነው። እና አንድ ቀን ቁልፉን ጣልኩት። የት እንደጣልኩት ባውቅ አልጣልኩትም ማለት ነው።

ጓጉንቸሩ በመጣበት ካርቶን ላይ ቁጥር ነበረ። ለአምራቹ ቁጥሩን ላክኩ፤ በሁለት ሳምንት ተኩል አዲስ ቁልፍ መጣ። እስከዚያ ድረስ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በመኪናዋ እየወሰደችኝ ነበር። ቁልፉ የደረሰ ሰኞ ሁለት ሌሎች ነገሮችም ደረሱ። አንደኛ፣ ባልደረባዬ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከከተማ ውጭ ኤፔክስ ወዳለው መጋዘን መዛወሯን ነገረችኝ። ሁለተኛ፣ የግቢው ማኔጅመንት ብስክሌቴ ላይ ብርቱካንማ ወረቀት ለጥፎ አገኘሁ። ደረጃ ላይ የታሰረ ማንኛውም ብስክሌት ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ተቆርጦ ይወሰዳል፤ ባለቤት ነኝ የሚል ደረሰኝ ይዞ ይቅረብ ይላል። እኔ ደረሰኝ የለኝም። መጋዘናችን ደግሞ ማርፈድን በነጥብ ነው የሚቆጥረው። አዲስ ሠራተኛ ሦስት ነጥብ ከሞላው ይሰናበታል። እኔ ሁለት አለኝ።

በደስታ ሮጬ አዲሱን ቁልፍ ከተትኩት። ገባ። አዞርኩት። ሩብ ያህል ዞረና ቀጥ አለ። መለስኩት፤ ደገምኩት፤ ሩብ ላይ ቀጥ። ቁልፉ ቁልፉን አልከፍት አለ ብዬ ጮኽኩ።

መጀመሪያ የደረሰልኝ ብሩክ ነው። ብሩክ ታክሲ ይሠራ ነበር፤ ተሳፋሪ ከጠፋ ወዲህ ሥራው ምክር መስጠት ሆኗል። ስለ ክትባት ያውቃል፣ ስለ ምርጫው ያውቃል፣ ስለ ጓጉንቸር በተለይ ያውቃል።

"ይሄ በጣም ሲምፕል ነው፤ ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ። ዘይት ነው የሚፈልገው። የምን ዘይት አለሽ?"

"የሱፍ።"

"እሱ ራሱ ነው!"

የምግብ ዘይቱን አፈሰሰበት። ቁልፉ አሁን የሩቡን ግማሽ ብቻ ይዞር ጀመር። "እየሠራ ነው፤ ጊዜ ስጪው" ብሎኝ ወገቡን ይዞ ገባ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩክ ወገቡን ያመዋል። የሚያነሳ፣ የሚገፋ፣ የሚጎነበስ ሥራ በመጣ ቁጥር ያመዋል። ምላሱን ግን አንድ ቀን አሞት አያውቅም።

ጋሽ ወንድይፍራው ይህን ሁሉ ከወንበራቸው ሆነው ያዩ ነበር። ብሩክ ሲገባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቁልፉ ቁልፉን አልከፍት አለ ነው ያልሽው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሁለቱ አንድ ስም ሊኖራቸው አይችልም። የሚገባው ቁልፍ ይባላል፤ የሚገባበት ጓጉንቸር ይባላል። ስሙ የተምታታ ንብረት ይጠፋል። ያንቺም የጠፋው ለዚህ ነው።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ፋይሉን አምጪ።"

"የምን ፋይል?"

"ቁልፉ የመጣበት ፖስታ፣ ቁጥሩ ያለበት ካርቶን፣ የብስክሌቱ ደረሰኝ።"

"ብስክሌቱን ያለ ደረሰኝ ነው የገዛሁት።"

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ወላጁ የሞተበት ሰው እንኳ እንዲህ ሲጨፍን አላየሁም።

ሰኞ ማምሻውን በሙሉ በሁለት ሜትር ርቀት ቁጥር አመሳከርን። ካርቶኑን እኔ አነባለሁ፤ ቁልፉ ላይ የተቀረጸውን እሳቸው በአጉሊ መነጽር ያነባሉ። ቁልፉን የምናቀባብለው መሬት ላይ በተቀመጠ ሳህን ነው፤ እሳቸው ከማንሳታቸው በፊት አልኮል ይነፉበታል። ቁጥሩ አንድ ሆነ። "ጥሩ፤ ባዕድ አይደለም" አሉ። "እንግዲህ የራሱ ልጅ ሆኖ ነው እንቢ ያለው።"

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ወንበራቸውን ወደ ደረጃው አስጠግተው፣ እንጨታቸውን ይዘው ጠበቁኝ። እኔ ጓጉንቸሩ ሥር ተንበርክኬ እሠራለሁ፤ እሳቸው በእንጨቱ ጫፍ እየጠቆሙ ያዛሉ።

"አስገቢው። አሁን እዪ፤ የቁልፉ ትከሻ የጓጉንቸሩን ፊት ነክቷል?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥፍር የምታህል ክፍተት አለች። ቁልፉ ገባ ብዬ ሁለት ቀን የጮኽኩት ሙሉ በሙሉ አልገባም ኖሯል።

"ያልገባ ቁልፍ አይዞርም። ውስጡ አሸዋ አለ። በአሸዋው ላይ ደግሞ ያ ሰውዬ ወጥ ሠርቶበታል።"

በጆሮ መጥረጊያና በአልኮል አጸዳሁት። ጆሮ መጥረጊያው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ የቬጋስ አቧራና የሱፍ ዘይት ተቦክቶ። ሲደርቅ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ጨመርንበት፤ ዘይት አቧራ ይይዛል፣ እርሳስ ግን አይዝም አሉኝ። ቁልፉ እስከ ትከሻው ገባ። አዞርኩት፤ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። በንዴት በሁለት እጄ ልጠመዝዘው ስል እንጨቱ ትከሻዬን መታኝ።

"ቁልፍ ይጠየቃል እንጂ አይገደድም! ውስጡ ከተሰበረ ማን ያወጣዋል?"

ከዚያ ታሪካቸውን ነገሩኝ። አንድ ጊዜ አለቃቸው የካዝናውን ቁልፍ ጥሎ "ስበረው" ብሎ አዘዛቸው። በጽሑፍ ይታዘዝልኝ አሉ። አለቃው ተቆጣ። እሳቸው ሦስት ቀን ካዝናው ፊት ተቀመጡ፤ በአራተኛው ቀን ቁልፉ በአለቃው በራሱ ካፖርት ሽፋን ውስጥ ተገኘ።

"እና ሸለሙዎት?"

"ወደ በረሃ አዛወሩኝ።" እንጨቱን መልሰው ወደ ጓጉንቸሩ ቀሰሩ። "ካዝናው ግን አልተሰበረም።"

ረቡዕ ሙቀቱ አርባ አራት ገብቶ ነበር። ቁልፉን በክብሪት ጭስ አጥቁረን አስገባነው፤ ሲወጣ ጥላሸቱ የተፋቀበት ቦታ የት እንደሚያዝ ይናገራል። አንድ ጥርስ ላይ ጸጉር የምታህል የብረት ትርፍ አገኘን። በጥፍር ሞረድ ሦስት ጊዜ ብቻ እንዳሻሽ ፈቀዱልኝ፤ እየቆጠሩ። ቁልፉ ከግማሽ አለፈ። አልከፈተም። "አንድ ጊዜ ድገሚና አሁን ደግሞ የምትሰሚውን ድምፅ ንገሪኝ" አሉ።

ከሥራ ነው የመጣሁት። አሥር ሰዓት ቆሜ ውያለሁ። ብሩክ ጓደኛው ዘንድ የብረት መቁረጫ አለ ብሎኛል። "ጋሼ፣ ተዉት፤ ላስቆርጠው" አልኩ።

"ማን ይቆርጠዋል? አንቺ? ጥቁር ሴት የብስክሌት ጓጉንቸር በመቁረጫ ስትቆርጥ ያየ ሰው፣ በዚህ አገር፣ በዚህ ሰሞን፣ ምን ብሎ ነው የሚደውለው? ፖሊስ ሲመጣ ምን ታሳዪዋለሽ? ደረሰኝ?"

ልክ ነበሩ። ሰው ደግሞ በጣም የሚናደደው ልክ በሆነ ሰው ነው።

"እርስዎ ሥራ ስለሌለዎት ነው!" አልኩ። "እኔ ግን ሥራ አለኝ! ሰኞ ካረፈድኩ እባረራለሁ! ለእርስዎ ጨዋታ ነው!"

ጋሽ ወንድይፍራው ተነሱ፤ ወንበሩን አጠፉ፤ እንጨታቸውን አነሱ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘጉ። ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ወንበሩ አልወጣም። ከሥራ ስመለስ በራቸው ፊት፣ እንጨቱ በሚደርስበት ልክ ቆሜ አንኳኳሁ ማለት አልችልም፤ ጠጠር ወረወርኩ። መጋረጃው ተገለጠ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ነው።"

መስኮቱን በትንሹ ከፈቱት። "ምን አጠፋሽ? ሥራ የለኝም። እውነት ነው።" ወረቀት አነሱና በመስታወቱ ላይ ለጠፉት። ብስክሌቴን ሥለዋታል፤ በማስመሪያ፣ ከነደረጃው፣ ከነጓጉንቸሩ። "ሌሊት አስቤበት ነው" አሉ። "የኋላ ጎማዋን አይተሻል?"

ዞሬ አየሁ። ጎማው መሬት ተለጥፏል። በዚያ ግቢ እንደ ጥርስ የሚነክስ እሾህ አለ፤ ብስክሌቷ በቆመችበት ተንፍሳለች።

"ስትተነፍስ ወረደች። ስትወርድ ክብደቷ በሙሉ በጓጉንቸሩ ብረት ላይ ተንጠለጠለ። ብረቱ ውስጥ ያለውን የመቆለፊያ ምላስ ነክሶ ይዞታል። ጉድለቱ ቁልፉ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ጎማው ላይም ነው። እኔም ሦስት ቀን ቁልፉን ብቻ ሳይ ነበር፤ ይህ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይመዝገብ።"

ሮጬ ሞከርኩ። በአንድ እጄ ብስክሌቷን ወደ ላይ አነሳሁ፤ በሌላው ቁልፉን አዞርኩ። ሊከፈት ሲል ቀጥ አለ። ብረቱን ወደ ውስጥ የሚገፋ ሌላ እጅ ያስፈልገዋል። ብሩክን ጠራሁት። ወገቡን ያመዋል።

ዓርብ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ከስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀር የግቢው ጥገና ሠራተኛ ኤርኔስቶ መቁረጫውን ይዞ መጣ። ያኔ የጋሽ ወንድይፍራው በር ተከፈተ። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ ሁለት ማስክ። በቀጥታ መጥተው በኤርኔስቶና በብስክሌቷ መካከል ቆሙ።

"ኖ" አሉ። "ፔፐር ቱዌልቭ። ናው ኢሌቨን ፎርቲ።"

ኤርኔስቶ ሰዓቱን አየ። "ሴኞር፣ ቦስ ሰይ ካት።"

"ቦስ ሰይ? ዌር ኢዝ ሲግኔቸር?" ከዚያ እንግሊዝኛው አለቀባቸውና በአማርኛ ቀጠሉ፤ "ያለ ፊርማ ንብረት አይነካም! ሃያ ስድስት ዓመት አልነካሁም፣ አንተም አትነካም!" ኤርኔስቶም በስፓኒሽ መለሰ። ምን እንዳለ እንጃ፤ እጁን ወደ ሰማይ፣ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ራሱ ወገብ ሲያሳይ እሱም ስለ አለቆች የሚያማርር መሰለኝ። ወዲያው ጋሽ ወንድይፍራው ሥዕላቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና ፊቱ ዘረጉት። ጎማውን ነኩ። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ነኩ። ኤርኔስቶ ሥዕሉን አየ፤ ብስክሌቷን አየ።

"አህ" አለ። መቁረጫውን መሬት አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ብስክሌቷን እንደ ሕፃን አነሳት።

እኔ ብረቱን ያዝኩና ወደ ውስጥ ገፋሁ። ሁለቱም እጆቼ ተያዙ። ቁልፉን የሚያዞር ሰው የለም። ቀና ብዬ ጋሽ ወንድይፍራውን አየኋቸው። እንጨቱን እንደያዙ ሁለት ሜትር ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አይታይም፤ ዐይናቸው ግን ይታየኛል። ፈርተዋል። ያን ሁሉ ወራት የፈሩትን ነገር እኛ ሁለታችን በላብ ተነክረን እያለከለክን ይዘንላቸው ቆመናል።

"ጋሼ፣ ይተዉት፤ ይቁረጠው" አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

እንጨቱን ደረጃው ላይ አስደግፈው መጡ። በኤርኔስቶና በእኔ መካከል ተንበረከኩ፤ ትከሻቸው ትከሻዬን ነካ። ቁልፉን በሁለት ጣት ያዙ። አላስገደዱትም። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው አዞሩት። ጠቅ አለ። ጓጉንቸሩ እጄ ላይ ወደቀ።

ኤርኔስቶ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ። ብሩክ ከመስኮቱ "ዘይቱ ነው!" አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ አልተነሱም። እንደተንበረከኩ ቆዩ፤ የደከሙ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ሰው ሰው ሸተተኝ" አሉ በቀስታ። "ረስቼው ነበር።"

ከዚያ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ብጣሽ ወረቀት አውጥተው "አንድ ጓጉንቸር ከነቁልፉ፣ በመልካም ሁኔታ፣ ተረክቤያለሁ" የሚል አስፈረሙኝ። ኤርኔስቶንም በምስክርነት አስፈረሙት፤ በአማርኛ የተጻፈውን እየሳቀ ፈረመ። ቤታቸው ሲገቡ የቧንቧው ድምፅ ግማሽ ሰዓት ተሰማ። በሩ ላይ "ለአሥራ አራት ቀን ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ለጠፉ። አሥራ አራቱንም ቀን በጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት መስኮታቸውን ቆርቁሬ "ትኩሳት አለ?" እላለሁ። "የለም፤ አንቺስ?" "የለም።" "ጎማሽ?" "ተሠርቷል።" "ሂጂ፤ ታረፍጃለሽ።" አንድም ቀን አላረፈድኩም። እሳቸውም አልታመሙም።

በ2021 የፀደይ ወራት ሁለቱንም ክትባት ወስደው ህሊና ወደ ማውንተንስ ኤጅ ወሰደቻቸው። አንድ እሑድ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚራመድ ሰው የለም። የልጅ ልጃቸው "ግራንድፓ ኢዝ... አያቴ አለቃ ነው" አለችኝ፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ማን ምን እንደወሰደ የሚፈረምበት ወረቀት ተንጠልጥሏል። ህሊና "እርጎ ለመብላት እየፈረምኩ ነው" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ግን አባቷን ነበር የምታየው፤ በመስታወት ሳይሆን በቅርብ።

ስወጣ "ልሸኝሽ" ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ህሊና በመኪና ላድርሳት አለች። "እንግዳ በእግር ነው የሚሸኝ" አሉ። ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ ሃያ አምስት ደቂቃ ተራመድን። ደረስን፤ አውቶቡሱ የለም። ፀሐዩ ስለከፋ ስኳራቸውን ፈርቼ "እንግዲህ ልመልስዎት" አልኩና ወደ ቤት ይዣቸው ተመለስኩ። በሩ ሲታይ ቆሙ። "እንግዳ ባለቤትን ሸኝቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ ነውር ነው" ብለው እንደገና ወደ ፌርማታው። መንገድ ላይ ሳለን አውቶቡሱ አለፈን። ቀጣዩ ሲደርስ እኛ ገና እግረኛ መንገዱ ላይ ስለ ሞዴል ሃያ ሁለት እየተከራከርን ነበር፤ እሱም አለፈን። ህሊና ጠፍተው ቀሩ ብላ በመኪና ፍለጋ ወጥታ አገኘችን። ሁለታችንም አንገባም አልን። መኪናዋን አስቀድማ ፌርማታው ጋ ቆመች፤ ውሃ አቀበለችን።

ሦስተኛው አውቶቡስ ቆመልኝ። ገብቼ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ጋሽ ወንድይፍራው ጥግ ላይ ቆመው በሩ መዘጋቱን አዩ፤ መቀመጤን አዩ፤ የፊትና የኋላ ጎማውን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ለማያውቃቸው ሹፌር እጃቸውን ከፍ አድርገው "ሂድ" አሉት፤ ሹፌሩም ፈቃድ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቅንቆላቸው ነዳ።